ጓደኛህን ከሜዳ ማስወጣት ትችላለህ?

እንጅባራም ሆነ ዳንግላ፣ የሰፈር ቡድን ማሰልጠን ቀላል እንዳይመስላችሁ! ተጫዋቾቹ ወይ ጎረቤት ናቸው፣ ወይ አብሮ አደግ። አንድ የዳንግላ ወጣት አሰልጣኝ በቅርቡ እንዲህ ሲል አማከረኝ፦ "የጥሎ ማለፍ ጨዋታ አለብን። አምበላችን የልብ ጓደኛዬ ነው፤ ሰሞኑን ግን እግሩ ከብዷል። ባስወጣው ይቀየመኛል፤ ብተወው እንሸነፋለን። ምን ይሻለኛል?"

እኔ መልሱን የምፈልገው ከዋልያዎቹ ነው።

ጳጉሜን 2004 ዓ.ም. ካርቱም ላይ በሱዳን 5 ለ 3 ተሸነፍን። ሆኖም ከሜዳ ውጪ ያገባናቸው 3 ጎሎች ዋጋ ነበራቸው፤ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 ማሸነፍ ይበቃን ነበር። ጥቅምት 4 ቀን 2005 የመጀመሪያው አጋማሽ ያለ ጎል አለቀ። ከዕረፍት መልስ ሁለቱም ጎሎች በደቂቃዎች ልዩነት ገቡ! ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለስን። ሂሳቡን የሚያውቅ አይደናገጥም።

ጥር 13 ቀን 2005 ደቡብ አፍሪካ ላይ ከሻምፒዮኗ ዛምቢያ ጋር ስንጫወት ደግሞ በረኛችን በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ካርድ ወጣ። ተጠባባቂ በረኛ ለማስገባት አሰልጣኙ አንድ ምንም ያላጠፋ ልጅ ማስወጣት ግድ ሆነበት። ታዲያ ያ ልጅ ተቀጣ? ኧረ በፍጹም! ጨዋታው ሌላ ሰው ፈለገ እንጂ። በ10 ሰው ታግለን፣ ከኋላ ተነስተን 1 ለ 1 ወጣን።

መምራትም ቢሆን አያስተማምንም። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ለዓለም ዋንጫ ለማለፍ አዲስ አበባ ላይ ናይጄሪያን ገጠምን፤ ቀድመን አግብተን 2 ለ 1 ተሸነፍን። ሜዳው በየደቂቃው ይለዋወጣል፤ አሰልጣኝም አብሮ መለወጥ አለበት።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ጓደኛህን ከጨዋታው በፊት ለብቻው አነጋግረው። "ያለህን ሁሉ ስጠኝ፤ ሲደክምህ እቀይርሃለሁ" በለው። በዕረፍት ሰዓት አሥር ነገር አትዘብዝብ፤ ኳሱ የት ቦታ ላይ እንደሚነጠቅብህ ለይተህ እሱን አስተካክል። ስታስወጣው ሰው ሁሉ እያየ እጁን ጨብጠው። ያኮረፈ እንደሆነ ማታውኑ ቤቱ ሂድ።

ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞችን ያየ ያውቀዋል፤ ልጓም የሚሳበው ፈረሱ ስለተጠላ አይደለም። እውነተኛ ጓደኛ ይህን ይረዳል። ካልተረዳ ግን… ችግሩ ከኳሱም በፊት ነበረ ማለት ነው።