ኮዱን የጻፈ ይፈትሸው

እ.ኤ.አ. በ2005 የጉግልን የፍለጋ ገጽ የሚያቀርበው ፕሮግራም፣ ጉግል ዌብ ሰርቨር፣ ክፉኛ ተቸግሮ ነበር። ቡድኑ ሲሰፋና ኮዱ ሲወሳሰብ፣ ከሚለቀቁት እትሞች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ተጠቃሚውን የሚነካ ስሕተት እየተገኘባቸው ይመለሱ ጀመር። የቡድኑ የቴክኒክ መሪ ደንብ አወጡ፦ ማንኛውም አዲስ የኮድ ለውጥ የሚፈትሸውን ኮድ አብሮ ይዞ ይምጣ፤ ፍተሻውም ያለማቋረጥ ይሂድ። በአንድ ዓመት ውስጥ አስቸኳይ እርማቶች በግማሽ ቀነሱ።

የሶፍትዌር ጥራት ቁጥጥርን ማዘመን ሲባል ብዙዎች መሣሪያ መግዛት ይመስላቸዋል። የሚለወጠው ግን በመጀመሪያ ኃላፊነቱ ነው። በቀድሞው ልማድ ፕሮግራመሩ ጽፎ ለፈታሾች ክፍል ያስረክባል፤ የስሕተቱ ዝርዝር ከሳምንታት በኋላ ሲመለስለት ሌላ ሥራ ይዟል፣ ለምን እንደዚያ እንደጻፈም ዘንግቶታል።

አንድ ፍተሻ ምን ይመስላል? በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀን የሚያሰላ ፕሮግራም እንውሰድ። ከጳጉሜን 5 ቀን 2014 ማግስት መስከረም 1 ቀን 2015 መሆኑን የሚጠይቅ አጭር ኮድ ይጻፋል። እሱ ብቻውን አይበቃም፤ 2015 ዘመነ ሉቃስ ስለነበር በዚያ ዓመት ከጳጉሜን 5 ቀጥሎ ጳጉሜን 6 መምጣት አለበት። ሁለቱም ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ከኮዱ ጋር ይቀመጣሉ። ከዓመታት በኋላ አዲስ ባልደረባ ስሌቱን አሻሽላለሁ ብሎ ስድስተኛዋን ቀን ቢያጠፋ፣ ለውጡ ሳይገባ ፍተሻው ይወድቅበታል። እኔን ከሁሉ የሚማርከኝ ይህ ነው፤ አንድ ሰው ያወቀው ነገር እሱ ሥራ ቢለቅም ከቡድኑ ጋር ይቀራል።

ጉግል ፍተሻዎቹን ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ ብሎ ይከፍላል። ትንሹ ኔትወርክም ዲስክም አይነካም፤ ስለዚህ ይፈጥናል፣ ሲወድቅም ስሕተቱ የት እንዳለ ይጠቁማል። ኩባንያው አብዛኞቹ ፍተሻዎች እንዲህ ያሉ እንዲሆኑ ይመክራል። ትልልቆቹ ይዘገያሉ፤ አንዳንዶቹም ኮዱ ሳይነካ አንዴ ያልፋሉ፣ አንዴ ይወድቃሉ። ከዚህ የከፋ ጠላት የለም፤ ፍተሻው በሐሰት ሲጮህ የሰነበተበት ቡድን እውነተኛውንም ጩኸት ማመን ያቆማል። እ.ኤ.አ. በ2016 ጉግል ራሱ ከፍተሻዎቹ 16 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ይህ ጠባይ በተወሰነ ደረጃ እንዳለባቸው ገልጿል። እንዲህ ያለውን ፍተሻ ወይ መጠገን ነው፣ ወይ ማውጣት።

የራስን ኮድ የመፈተሽ ልማድ በደንብ ብቻ አልተስፋፋም። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ስለ ፍተሻ የሚያስተምሩ ባለ አንድ ገጽ ጽሑፎች በጉግል መጸዳጃ ቤቶች ግድግዳ ላይ ይለጠፉ ነበር። ለስብሰባ ጊዜ የሌለው፣ ሥራ የበዛበት መሐንዲስም እዚያ ቆሞ ያነብባል።

ፈታሾችን ማሰናበትን ግን ዘመናዊነት የሚሉ ሰዎች ተሳስተዋል። ኮድ የሚፈትሸው የተጠየቀውን ብቻ ነው። የምዝገባ ቅጽ «የቤተሰብ ስም» ሲል አንዲት ኢትዮጵያዊት የአባቷን ስም ትጽፋለች፤ ከዚያ ፕሮግራሙ በደብዳቤው ሁሉ እሷን በአባቷ ስም ይጠራታል። ፍተሻዎቹ በሙሉ አልፈዋል። ይህን የሚያገኘው በተጠቃሚዋ ቦታ ተቀምጦ የሚሞክር ፈታሽ ነው፤ ካገኘም በኋላ ከፕሮግራመሩ ጋር ሆኖ አዲስ ፍተሻ ይጽፍለታል።