ፀሐይዋ በነፃ፣ ሌሊቱ በዋጋ

ባለፈው ጥር ወር አከራዬ እቁብ ደረሳቸው። የምኖረው በደብረ ብርሃን ከተማ ነው። በዚያ ሰሞን መብራት ሦስት ምሽት በተከታታይ ጠፍቶ ስለ ነበር፣ ገንዘቡ ገና ከመሀረባቸው ቋጠሮ ሳይፈታ ወዴት እንደሚሄድ ሳይቆርጡ አልቀሩም። ከትምህርት ቤት ስመለስ በር ላይ ጠብቀው አስቆሙኝ።

«መምህር፣ አንተ የምታስተምረው ይህንኑ የኮረንቲ ነገር አይደል? ነጋዴው ሶላሩን ከነባትሪው ይግዙ፣ ሁለተኛ የመብራት ሒሳብ አይከፍሉም ይለኛል። እውነቱን ነው ወይስ ገንዘቤን እንደ ብቅል ፀሐይ ላይ ማስጣቴ ነው?»

«እትዬ፣ እስከ እሑድ ይታገሡኝና በወረቀት ሠርቼ ላምጣልዎ» አልኋቸው። ቶሎ መልስ ያልሰጠሁበት ምክንያት ነበረኝ፤ እኔም በዚህ ነገር አንድ ጊዜ ገንዘቤን ከስሬአለሁ፤ እሱን በኋላ እናገራለሁ። ጥያቄውም የእሳቸው ብቻ አይደለም። ለፈተና የሚያነብ ተማሪ፣ ደመወዙ ከወር ወር አልደርስ ያለው ጸሐፊ፣ ገጠር ያሉ ወላጆቹን ለመርዳት የሚያስብ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ይህንኑ ይጠይቃል። ስለዚህ ለእትዬ የሠራሁትን ሒሳብ ለአንባቢም አቀርበዋለሁ።

ሁለት ዕቃ እንጂ አንድ አይደለም

ሰው ሁሉ «ሶላር» ብሎ በአንድ ስም ይጠራዋል እንጂ፣ ነገሩ ጠባያቸው የማይገናኝ ሁለት ዕቃዎች ናቸው፤ አንደኛው ፓኔሉ ነው፤ ሁለተኛው ባትሪው ነው።

ብርሃን ኤሌክትሪክን ሊያስነሣ እንደሚችል በመጀመሪያ ያስተዋለው ፈረንሳዊው ኤድሞን ቤክሬል ሲሆን፣ ጊዜውም በአውሮፓ አቆጣጠር 1839 ነበር። ለሥራ የሚሆነው የሲሊኮን ፓኔል ግን የተሠራው በ1954 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ቤል ላቦራቶሪ ነው። ቻፒን፣ ፉለርና ፒርሰን የተባሉት ሦስት ሊቃውንት የሠሩት ያ ፓኔል ካረፈበት ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው 6 ከመቶ ያህሉን ብቻ ነበር። ዛሬ በገበያ የሚሸጠው ጥሩ ፓኔል ከ20 ከመቶ በላይ ይለውጣል። አሠራሩም ቀላል ነው። ብርሃን በሲሊኮኑ ላይ ሲያርፍ ኤሌክትሮኖችን ከቦታቸው ያስነሣቸዋል፤ ሲሊኮኑ በሁለት ዓይነት ተነባብሮ የተሠራ በመሆኑ የተነሡት ኤሌክትሮኖች በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይሄዳሉ፤ ይህም ጉዞ ኮረንቲ ይባላል። የሚሽከረከር ብረት የለውም፤ ነዳጅም አይጠጣም። ስለዚህ 25 ዓመት ቢያገለግል አያስገርምም፤ በየዓመቱ የሚደክመውም ግማሽ ከመቶ ገደማ ነው።

እኛ የደብረ ብርሃን ሰዎች የምናማርረውን ብርድ እንኳ ፓኔሉ ይወደዋል። ፓኔሉ ከ25 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ በእያንዳንዱ ዲግሪ ከጉልበቱ ከ0.3 እስከ 0.4 ከመቶ ይቀንሳል፤ ደጋ ላይ ግን ፀሐዩ ብርቱ፣ አየሩ ቀዝቃዛ ነው።

ባትሪ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ሲሞላም ሲራገፍም በውስጡ ያለው ኬሚካል ይደክማል፤ ዕድሜውም የተቆጠረ ነው። በ1859 እ.ኤ.አ. ጋስቶን ፕላንቴ የሠራው የእርሳስ ባትሪ እስከ ዛሬ በመኪናችን ውስጥ አለ። አዲሱ የሊትየም ባትሪ ሲሆን፣ ለእሱ መሠረት የጣሉት ሦስት ሊቃውንት በ2019 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተቀብለውበታል።

ሒሳቡ ይኸውና

100 ዋት ፓኔል እንውሰድ። በአዲስ አበባና በአካባቢው ደጋ በዓመቱ አማካይ የሚገኘው ፀሐይ በቀን 5 ሰዓት ያህል ሙሉ ጉልበት እንዳለው ይቆጠራል። ይህ 500 ዋት ሰዓት ነው፤ በሽቦ፣ በአቧራና በመሣሪያው የሚባክነው ሩቡ ቢቀነስ 375 ይቀራል። በክረምት፣ ሐምሌና ነሐሴ፣ ከዚህ ያንሳል።

አንድ ቤት ምን ያህል ይበቃዋል? ባለ 7 ዋት አራት አምፖሎች 4 ሰዓት ቢበሩ 112፣ ሦስት ስልክ ለመሙላት 45፣ 60 ዋት ቴሌቪዥን ለ3 ሰዓት 180፤ ጠቅላላው 337 ዋት ሰዓት ነው። ስለዚህ ከበጋ እስከ በልግ አንድ ፓኔል ይበቃል ማለት ነው። የእንጀራ ምጣድ ግን 3500 ዋት ገደማ ይጎትታል። ሁለት ሰዓት ቢጋገርበት 7000 ዋት ሰዓት ይበላል፤ ይህም ለመብራቱ፣ ለስልኩና ለቴሌቪዥኑ 20 ቀን የሚበቃ ነው። «ምጣድም ያነሣል» የሚል ነጋዴ ቢገጥምዎ፣ ስንት ፓኔልና ስንት ባትሪ እንደሚያስፈልግ በመጀመሪያ ይጠይቁት።

አሁን ወደ ብሩ እንምጣ። ዋጋ ከሱቅ ሱቅ፣ ከወር ወር ስለሚለዋወጥ የምጽፋቸው ዋጋዎች ለሒሳቡ ማሳያ ብቻ ናቸው፤ አንባቢ በእነሱ ፈንታ የሰማውን ዋጋ ያግባ።

ፓኔሉ 8000 ብር ነው እንበል። በቀን 375 ዋት ሰዓት፣ በ20 ዓመት 2700 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል። ዋጋውን ብናካፍለው አንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት 3 ብር ይወጣለታል።

የእርሳስ ባትሪው 15000 ብር ነው እንበል። 12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት የሚለው ባትሪ 1200 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ዕድሜው እንዳያጥር ግን ከግማሹ በላይ ሊራገፍ አይገባም። ስለዚህ በየምሽቱ 0.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሰጣል። 500 ምሽት ቢያገለግል ጠቅላላው 300 ነው፤ አንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት 50 ብር ሆነ ማለት ነው።

የሊትየሙ ባትሪ 40000 ብር ነው እንበል። በየምሽቱ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት እየሰጠ 3000 ምሽት ቢቆይ፣ አንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት 13 ብር ከሳንቲም ይሆናል።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ በሱቅ ርካሽ የነበረው ባትሪ በቤት ውድ ሆኖ ተገኘ። ሁለተኛ፣ ፀሐይዋ በነፃ ትገኛለች ያሰኛል፤ እስከ ማታ አስቀምጦ ማቆየቱ ነው ዋጋ ያለው። የምንከፍለው ለፀሐይ ሳይሆን ለሌሊቱ ነው።

ሦስት ቤት፣ ሦስት መልስ

እንግዲህ ያዋጣል ወይ የሚለው ጥያቄ «ከምን ጋር ሲወዳደር?» የሚል ሌላ ጥያቄ ይወልዳል።

የመጀመሪያው ቤት የእትዬ ነው። ቆጣሪ አላቸው፤ ብዙ የማይጠቀም ቤት በመስመር ለሚመጣው ኪሎ ዋት ሰዓት የሚከፍለው ጥቂት ብር ነው። 13 ብር የሚወጣበትን ኮረንቲ እየተጠቀሙ በጥቂት ብር የሚገኘውን «አዳንኩ» ማለት የዋህነት ነው። ስለዚህ ነጋዴው «ሒሳብ አይከፍሉም» ያለው ለእሳቸው ትርፍ ሳይሆን ኪሳራ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኅዳሴ ግድብ 5150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ጉልበት አለው። ነገር ግን ኃይሉ መኖሩ አንድ ነገር ነው፤ በሽቦ፣ በምሰሶና በትራንስፎርመር አልፎ ሳይቋረጥ እትዬ ቤት መድረሱ ሌላ ነገር ነው። የእትዬ ችግር የኮረንቲው ዋጋ ሳይሆን መቋረጡ ነው። ለዚህ ደግሞ የሚያስፈልጋቸው ባትሪው ነው እንጂ ፓኔሉ አይደለም፤ መብራት ባለ ሰዓት ከመስመሩ ተሞልቶ፣ ሲጠፋ የሚያበራ ባትሪ ከነኢንቬርተሩ ይበቃቸዋል።

እውነት ነው፣ መብራት በሳምንት ሁለት ምሽት ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ባትሪው በዓመት የሚሠራው 100 ምሽት ገደማ ነው፤ ሳይሠራም ያረጃል። በ10 ዓመት 1000 ምሽት ቢሠራ ያ 13 ብር ወደ 40 ብር ይወጣል። ቢሆንም የሚወዳደረው ከመስመሩ ዋጋ ጋር ሳይሆን ከሻማ ጋር ነው፤ ባለ 7 ዋት አምፖል ደግሞ ወደ 50 ሻማ የሚጠጋ ብርሃን ይሰጣል። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ልጃቸው በዚያ ብርሃን ታነባለች። መብራቱ በምሽት ሳይሆን ለብዙ ቀናት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆነ ግን ባትሪው የሚሞላበት ስለሚያጣ ፓኔል መጨመር ተገቢ ነው።

ሁለተኛው ቤት በመንዝ ገጠር የሚኖረው የአጎቴ ቤት ነው። በዚያ ምሰሶም ሽቦም የለም፤ በአገራችንም ከሕዝቡ ግማሽ ገደማ የሚሆነው እንደ አጎቴ ነው። እዚያ ሶላሩ የሚወዳደረው ከኩራዝ፣ ከላምባ፣ ከጭሱና ስልክ ለማስሞላት ገበያ ድረስ ከሚወስደው መንገድ ጋር ነው። ለእሱ ሁለቱም፣ ፓኔሉም ባትሪውም፣ ያስፈልጉታል፤ ግን ትንሽ መሆን አለባቸው። ሦስት አምፖልና አንድ ስልክ የሚችል ዕቃ ያለ ጥርጥር ያዋጣዋል። ልጆቹ ለንባብ ሲሉ ፊታቸውን ወደ ጭሱ ማስጠጋታቸው ሲቀር፣ ትርፉ በብር ብቻ የሚቆጠር አይሆንም።

ሦስተኛው ቤት ቤት አይደለም፤ ማሳ ነው። በባቱ አካባቢ እንዳሉት አትክልተኞች በነዳጅ ሞተር ውሃ የሚስብ ገበሬ፣ ፓኔሉን ያለ ባትሪ ሊገዛ ይችላል። ፀሐይ ስትወጣ ፓምፑ ይሠራል፤ ውሃው ከፍ ወዳለ ታንከር ይወጣል፤ ስትጠልቅ ይቆማል። ታንከሩ ራሱ ባትሪ ሆነ ማለት ነው፤ የሚደክም ኬሚካልም የለበትም። ውዱን ሌሊት ሳይነካ ርካሹን ቀን ብቻ ይጠቀማልና፣ ከሦስቱ ሁሉ የበለጠ የሚያዋጣው ይህ ይመስለኛል።

እኔ የከሰርሁበት

ማስተማር በጀመርሁበት ዓመት አንድ ፓኔልና አንድ የመኪና ባትሪ ገዛሁ። ሻጩ «ባትሪ ያው ባትሪ ነው» አለኝ፤ እኔም ፊዚክስ አስተማሪው አመንሁት። የኳስ ጨዋታ ባለ ቀን ጎረቤት ሁሉ ይሰበሰብ ነበር፤ ባትሪው ጭልጭል እስኪል ድረስ እንጠቀምበታለን። በስምንተኛው ወር ሁለት ሰዓት እንኳ ማብራት አቃተው።

የመኪና ባትሪ ሞተር ለማስነሣት ለጥቂት ሴኮንድ ብርቱ ኮረንቲ እንዲሰጥ የተሠራ ነው፤ ምሽቱን ሙሉ ቀስ እያለ እንዲራገፍ አልተሠራም። ከዚህም በላይ ሲበዛ እንዳይሞላ፣ ሲያልቅም እንዳይራገፍ የሚጠብቀውን ቻርጅ ኮንትሮለር «ለምን ትርፍ ወጪ» ብዬ ትቼው ነበር። የአንድ ወር ደመወዜ በዚህ ሄደ። በሰሌዳ ላይ የማስተምረውን ለራሴ ኪስ ሳልጠቀምበት መቅረቴ ከገንዘቡ ይልቅ አሳፈረኝ።

ለሚገዛ ሰው

የቤትዎን ፍጆታ በዋት ሰዓት ሳይጽፉ ወደ ሱቅ አይሂዱ፤ አለዚያ ፍላጎትዎን የሚወስንልዎ ሻጩ ነው። የባትሪውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን ስንት ጊዜ ሊሞላና ሊራገፍ እንደሚችል ይጠይቁ፤ ዋስትናውንም በጽሑፍ ይቀበሉ። ፓኔሉ ጥላ እንዳያርፍበት ይጠንቀቁ፤ የአንድ ባሕር ዛፍ ጥላ ጥቂቱን ክፍል ቢሸፍነው እንኳ ኃይሉ በእጅጉ ይወርዳል። በአገራችን ወደ ደቡብ ጥቂት አዘንብሎ ቢሰቀል ዝናሙ ያጥበዋል፤ በበጋ ግን አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ማበስ ነው። የእርሳስ ባትሪ ሲሞላ የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሚወጣው አየር በሚገባበት ቦታ ይቀመጥ፤ ሲያረጅም እርሳሱ መርዝ ነውና ልጆች አይጫወቱበት። የሊትየም ባትሪ ደግሞ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሊሞላ አይገባም፤ ውርጭ በሚወርድበት በኅዳርና በታኅሣሥ ደጅ አይደር።

«ዋጋው እስኪወርድ ልጠብቅ?» የሚልም አለ። የሊትየም ባትሪ ከፋብሪካ ሲወጣ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት በ2010 እ.ኤ.አ. ከ1000 ዶላር በላይ የነበረው በ2024 ወደ 115 ዶላር ገደማ ወርዷል። ነገር ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ብር በዶላር ፊት ብዙ ስለ ወረደ፣ በውጭ አገር የረከሰው እዚህ ሲደርስ የዚያኑ ያህል አልረከሰልንም። ስለዚህ የቸገረው ሰው አይጠብቅ፤ ያልቸገረው ግን አይቸኩል።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወረቀቱን ለእትዬ አነበብሁላቸው። ነጋዴው ያቀረበላቸውን ትልቁን ትተው፣ ከመስመር የሚሞላ መጠነኛ የሊትየም ባትሪ ከነኢንቬርተሩ ገዙ። የተረፈው የእቁብ ገንዘብ ለልጃቸው ትምህርት ተቀመጠ። በሁለተኛው ሳምንት መብራት ሲጠፋ የሰፈሩ ተማሪዎች ደብተራቸውን ይዘው ወደ ግቢያችን መጡ። እትዬ ቡናውን እየቀዱ፣ «ነጋዴው ፀሐይ ሊሸጥልኝ ነበር፤ እኔ የቸገረኝ ግን ማታው ነው» አሉ።

ስለ ምክሬ አመሰገኑኝ፤ ኪራዩን ግን አልቀነሱልኝም።