ዕድሜ በልሳንና በትዝታ ላይ ስላለው ሥልጣን

ሰው ሲሸመግል ጉልበቱ እንደሚዝል ልሳኑና ልቡናውም አብረው ይዝላሉ የሚለው አሳብ ብዙ ዘመን ሳይመረመር የኖረ ቢሆንም፣ ከሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ጀምሮ የተነሡ ሊቃውንት ፍርዱን በከፊል አጸኑት፣ በከፊልም ሻሩት። ዋርነር ሻይ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1956 በአሜሪካ በሲያትል ከተማ የጀመረውና ሰዎችን በየሰባት ዓመቱ እየመላለሰ የፈተነበት ጥናት እንዳስረዳው፣ የአእምሮ ፍጥነት ገና በጎልማሳነት መቀነስ ሲጀምር የቃላት ዕውቀት ግን እስከ እርጅና ደጃፍ ሳይጓደል ይዘልቃል።

እንግዲህ የሚጐድለው ምንድን ነው ቢባል፣ አንደኛው ጊዜ ነው። ቲሞቲ ሳልትሃውስ በ1996 እንዳተተው፣ አእምሮ ሥራውን ሲያዘገም የነገሩ ፍጻሜ ሳይደርስ መጀመሪያው ይጠፋል፤ ስለዚህም አረጋውያን የወሬውን ጭብጥ በሚገባ እየያዙ ሳሉ ሐረግ በሐረግ ላይ የተደራረበበትን ዓረፍተ ነገር መከተል ይከብዳቸዋል፤ ግሡን እስከ መጨረሻ የሚያዘገየው አማርኛችንም፣ ይልቁንም እንደዚህ ጸሐፊ ባለ ሰው እጅ ሲወድቅ፣ ትዕግሥታቸውን ሳይፈታተን አይቀርም። ሁለተኛው ከልቡና መዝገብ ማውጣት ነው። ሾንፊልድና ሮበርትሰን በ1966 እንዳሳዩት፣ የተጠና ቃል በቃል ይመለስ ሲባል ዕድሜ በገፋ ቍጥር ውጤቱ ያንሳል፤ ያው ቃል ከሌሎች መካከል ተለይቶ ይታወቅ ሲባል ግን አረጋዊው ከወጣቱ እምብዛም አያንስም። ከሁሉ ይልቅ የሚያመልጠው የሰው ስም ነው፤ መልኩና ሥራው በልቡና ሳለ ስሙ በምላስ ጫፍ ቆሞ እምቢ የሚለው፣ ዲቦራ በርክና ባልደረቦቿ በ1991 እንደ ተነተኑት፣ ትርጓሜን ከድምፅ የሚያገናኘው ክር ስለ ላላ እንጂ ዕውቀቱ ስለ ጠፋ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ እጅግ የሚያስደንቀኝ ዴቪድ ስኖውደን በ1986 የጀመረው የመነኮሳይያት ጥናት ነው። ዕድሜያቸው ከ75 እስከ 102 ዓመት የሆነ 678 የካቶሊክ ደናግል በየጊዜው ሊፈተኑ፣ ከዕረፍታቸውም በኋላ አንጐላቸው ሊመረመር ፈቀዱ፤ በማኅበራቸው ቤተ መዛግብትም፣ የምንኵስናውን ቃል ኪዳን ከመግባታቸው አስቀድሞ በአማካይ በ22 ዓመታቸው የጻፉት ግለ ታሪክ ተገኘ። ስኖውደን፣ ሱዛን ኬምፐርና ጓደኞቻቸው የ93ቱን ጽሑፍ መርምረው በ1996 እንዳስታወቁት፣ በወጣትነታቸው አሳብ የሳሳበት ድርሰት የጻፉት፣ 58 ዓመት ያህል ቈይቶ በትዝታና በማስተዋል ፈተና ዝቅ ብለው ተገኙ። የወጣትነት ትምህርት ለእርጅና ስንቅ ሆነ ማለትም፣ የመርሳት ሕመም በስውር ገና ያን ጊዜ ጀምሮ ነበር ማለትም ስለሚቻል፣ ከሁለቱ አንዱን መርጦ ማወጅ ችኰላ ይመስለኛል።

ደግሞም ብዙ ጊዜ የልቡና ድካም ተብሎ የሚፈረድበት የጆሮ ድካም ነው፤ ጆሮ ቀጭኑን ድምፅ መለየት ሲሳነው፣ አእምሮ የሰማውን ለመያዝ ይበቃው የነበረውን ኀይል ለመስማት ብቻ ይጨርሰዋልና። አርተር ዊንግፊልድና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት፣ በጥድፊያ በተነገረ ቃል መካከል በየሐረጉ ፍጻሜ ጥቂት ዕረፍት ሲገባ አረጋውያን የተነገረውን ይበልጥ ያስታውሳሉ። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ከአረጋዊ ጋር ስትነጋገር መጮኽንና እንደ ሕፃን ማባበልን ትተህ፣ ፊት ለፊት ተቀምጠህ፣ በየሐረጉ ፋታ እየሰጠህ ተናገር፤ ስም ሲጠፋባቸውም ቸኵለህ ከአፋቸው አትንጠቅ።