የብረት ዒላማና የዳኛው ፍርድ

በተኩስ ውድድር መምታትና መሳት የሚለየው ጥይቱ በተወው ምልክት ነው። በወረቀት ዒላማ ላይ ቀዳዳው ከውድድሩ በኋላም ስለሚቆይ፣ ክርክር ቢነሳ ተመልሶ ሊለካ ይችላል። የብረት ዒላማ ግን ጥይት ስለማያሳልፍ፣ የሚሰጠው ማስረጃ ድምፅ፣ የቀለም መላጥ፣ መወዛወዝ ወይም መውደቅ ብቻ ነው። እነዚህ ምልክቶች ወዲያው የሚታዩ ቢሆኑም ወዲያው የሚጠፉ ወይም ከሌላ ምት ጋር የሚደባለቁ በመሆናቸው፣ የትኛው ምልክት እንደ ምት እንደሚቆጠርና ጥርጣሬ ሲፈጠር ጉዳቱን ማን እንደሚሸከም ሕጉ አስቀድሞ መወሰን ይኖርበታል።

የዚህ ዳኝነት ቀደምት ታሪክ ዛሬ በደቡብ ምዕራብ ለንደን የሕዝብ መናፈሻ ከሆነው ከዊምብልደን ሜዳ ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1859 የተመሠረተው የብሪታንያ ብሔራዊ የጠመንጃ ማኅበር ጁላይ 2 ቀን 1860 የመጀመሪያ ውድድሩን በዚህ ሜዳ ሲከፍት፣ ንግሥት ቪክቶሪያ በማስደገፊያ ላይ ተነጣጥሮ የተዘጋጀላቸውን የዊትወርዝ ጠመንጃ በሐር ገመድ ስበው በመተኮስ፣ 400 ያርድ ወይም 366 ሜትር ገደማ ርቆ የቆመውን ዒላማ ከእምብርቱ አጠገብ መትተዋል።

በዚያ ዘመን ዒላማው በኖራ የተቀባ ወፍራም የብረት ሰሌዳ ነበር። ጥይቱ ከለስላሳ እርሳስ የተሠራ ስለሆነ፣ ብረቱን ሲመታ ተጠፍጥፎ በነጩ ቅብ ላይ ግራጫ ጠባሳ ይተው ነበር። ከዒላማው አቅራቢያ በመከለያ ውስጥ የሚቀመጥ ምልክት ሰጪ ጠባሳውን አይቶ ውጤቱን በምልክት ለተኳሹና ለመዝጋቢው ያሳውቅ ነበር፤ አዲሱ ጠባሳ ከአሮጌው እንዳይምታታም ሰሌዳው በኖራ ይታደስ ነበር። የምልክት ሰጪው ዓይን ያስፈለገው የብረቱ ድምፅ ብቻውን በቂ ምስክር ስላልሆነ ነው። በ1,000 ያርድ ርቀት ድምፁ ወደ ተኳሹ ለመመለስ ከ2 ሴኮንድ ተኩል በላይ የሚወስድ ከመሆኑም ሌላ፣ መጀመሪያ መሬት መትቶ የነጠረ ጥይትም ብረቱን እንደ ቀጥተኛው ምት ያስጮኸዋል፤ እንዲህ ያለው ምት ግን አይቆጠርም ነበር።

ምቱ ጥርት ብሎ የታየ ቢሆንም እንኳ የማን ዒላማ እንደሆነ መጠየቁ አይቀርም። በ1874 በኒው ዮርክ አቅራቢያ በክሪድሙር በአሜሪካና በአየርላንድ ቡድኖች መካከል በተደረገው ግጥሚያ፣ አየርላንዳዊው ሚልነር የመታው የዒላማ እምብርት የራሱ ሳይሆን የሌላ ተኳሽ ሆኖ በመገኘቱ እንደ ሳተ ተቆጠረበት። እምብርት 4 ነጥብ ያስገኝ ስለነበርና አሜሪካ ያሸነፈችው 934 ለ931 ስለነበር፣ ያ አንድ ምት በትክክለኛው ሰሌዳ ላይ ቢያርፍ ኖሮ ድሉ በአንድ ነጥብ ልዩነት የአየርላንድ ይሆን ነበር።

የዛሬዎቹ ውድድሮች አብዛኛውን ጥርጣሬ ያስወገዱት ዒላማው ራሱ እንዲመሰክር በማድረግ ነው። በበረዶ ላይ የሸርተቴ ሩጫንና ተኩስን በሚያጣምረው በባያትሎን፣ ተወዳዳሪው 50 ሜትር ርቆ የሚተኩስባቸው ክብ ዒላማዎች ተኝቶ ሲተኩስ 45፣ ቆሞ ሲተኩስ 115 ሚሊ ሜትር ስፋት ሲኖራቸው፣ ጥቁሩ ክብ በነጭ ሽፋን ከተተካ ምቱ ይቆጠራል። ተኳሹ እየተንቀሳቀሰ በፍጥነት በሚተኩስበት በተግባራዊ የተኩስ ውድድር ደግሞ ፖፐር የሚባል፣ ሲመታ ወደ ኋላ የሚወድቅ የብረት ዒላማ አለ፤ ይህ ዒላማ ነጥብ የሚያስገኘው ከወደቀ ብቻ ነው።

ሆኖም ፖፐሩ ተመትቶ ሳይወድቅ የሚቀርበት ጊዜ አለ። በዚህ ጊዜ ተወዳዳሪው እስኪወድቅ ደግሞ መተኮስ ወይም ዒላማው በትክክል አልተስተካከለም ብሎ መከራከር ይችላል። ክርክር ከተነሳ ዳኞች ዒላማውን ሳይነኩ፣ ለመፈተኛ በተለየ ጥይት በተወሰነለት ቦታ ይመቱታል። ከወደቀ ብረቱ ደህና ነበርና ተወዳዳሪው እንደ ሳተ ይቆጠራል፤ ካልወደቀ ጉድለቱ የመሣሪያው ነውና ተኩሱ ይደገምለታል። በረጅም ርቀት ውድድር በሰንሰለት በሚንጠለጠሉ ሰሌዳዎች ላይ ግን ፍርዱ አሁንም በዋናነት የሰው ነው፤ ዳኛው በመነጽር እየተመለከተ የሰሌዳውን መወዛወዝ፣ አዲስ የተላጠውን ቀለምና የአቧራውን አቅጣጫ ያመሳክራል፤ ምክንያቱም ከአጠገቡ የተፈናጠረ ድንጋይም ሰሌዳውን ሊነካው ይችላል።

ሌሎች የተኩስ ዓይነቶችም ከዚህ ችግር ነፃ አይደሉም። በ2012 የለንደን ኦሊምፒክ በዉሊች በሚገኘው የንጉሣዊ መድፈኛ ጦር ሰፈር በተካሄዱት ውድድሮች የጠመንጃና የሽጉጥ ውጤት በኤሌክትሮኒክ ዒላማ ሲመዘገብ፣ ወደ አየር በሚወነጨፈው የሸክላ ዒላማ ግን ቢያንስ አንድ የሚታይ ስባሪ ካልተገነጠለ፣ አቧራ ቢቦንም ምት አይባልም።

ከዊምብልደን ኖራ እስከ ፖፐር መፈተኛ ጥይት ያለው ልምድ የሚያስረዳው፣ የዳኛው ሥራ ተኩሱ ከመጀመሩ በፊት እንደሚጀምር ነው። ቀለሙ ያልታደሰ፣ ሚዛኑ ያልተፈተሸ ወይም ቁጥሩ በግልጽ የማይታይ ሰሌዳ ከቆመ በኋላ፣ የትኛውም ንቁ ዓይን የተወዳዳሪዎችን ጥርጣሬ ሙሉ በሙሉ ሊያጠፋ አይችልም።