የጎረቤት ጩኸት በሰሜን ተራሮች ገደል

ዳባትንና ደባርቅን አልፎ ወደ ሳንቃ በር የሚጓዝ ሰው ሰስን ከማየቱ በፊት ፉጨቷን ሊሰማ ይችላል። ሰስ በሰኮናዋ ጫፍ ዓለት ላይ ቆማ ዙሪያውን የምትቃኝ ትንሽ የገደል እንስሳ ናት። ነብር ስታይ በአፍንጫዋ ስል ፉጨት ታሰማለች፤ ብዙ ጊዜ ወንዱ ይጀምራል፣ ሴቷ ትቀበላለች። ተመራማሪዎቹ ሮቢን ደንባርና ባለቤቱ ፓትሲ በ1970ዎቹ መጀመሪያ (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) ሰሜን ተራሮች ላይ ጭላዳን ሲያጠኑ የሰስንም አኗኗር መዝግበዋል። ቲልሰንና ኖርተን የተባሉ ተመራማሪዎች ደግሞ በ1981 ፉጨቱ ለጓደኛ ብቻ ሳይሆን ለአዳኙም የሚነገር ነው ሲሉ ጽፈዋል፤ «አይቼሃለሁ፣ ባትደክም ይሻልሃል» እንደ ማለት።

ጩኸቱ ለማንም ይላክ፣ የሚሰማው ግን ብዙ ነው። እረኛ «ቀበሮ!» ብሎ ሲጮህ ከማዶ ያለው ጎረቤትም በጎቹን ይሰበስባል። አራዊትም እንዲሁ ያደርጋሉ፤ ይህ ከተረጋገጠባቸው እንስሳት አንዷ በአገራችን ቆላም የምትገኘው እንሹ ናት። እንሹ ጥንድ ሆና የምትኖር፣ የመንጋ ዓይን የማይጠብቃት ፍጥረት ናት። በ2008 የታተመ የኬንያ ጥናት ዛፍ ላይ የምትውል የአንዲትን ወፍ የማስጠንቀቂያ ጩኸት በድምፅ ማጉያ አሰማት፤ እንሹ መብላቷን ቀንሳ አካባቢዋን መቃኘት ጀመረች። የዚያችው ወፍ ሌላ ድምፅ ግን ይህን ያህል አላስጨነቃትም።

ጦጣ ከዚህም ትራቀቃለች። በኬንያው አምቦሴሊ ሜዳ ተመራማሪዎቹ ሲፋርትና ቼኒ እንዳሳዩት፣ አንድ ወፍ ለጭልፊት የሚያሰማውን ጩኸት ስትሰማ ወደ ሰማይ ታያለች፤ ለምድር አዳኝ የሚያሰማውን ስትሰማ ወደ ዛፍ ትሮጣለች። ይህ በደመ ነፍስ ብቻ የመጣ አይመስልም። በ1999 የታተመ የአሜሪካ ሙከራ በመሬት ውስጥ ለሚኖሩ ሽኮኮ መሰል እንስሳት ምንም ትርጉም ያልነበረውን ድምፅ ከሐሰተኛ ጭልፊት ጋር ደጋግሞ ሲያቀርብላቸው፣ በኋላ ድምፁን ብቻ ሰምተው ይሸሹ ጀመር። እንግዲህ የጎረቤትን ጩኸት መማር ይቻላል ማለት ነው፤ ለመማር ግን ጎረቤቱ መኖር አለበት።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ዝምታው ነው። በመንዝ ጓሳ ተመራማሪው ቪቬክ ቬንካታራማንና ባልደረቦቹ በ2015 እንዳሳተሙት፣ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል ስታልፍ ጭላዳዎቹ አይሸሹም። እሷም ግልገሎቻቸውን ከመንካት ትቆጠባለች፤ የምታድነው አይጥ ነው። በመንጋው መካከል ሆና ስታድን ከመቶ 67 ጊዜ ተሳክቶላታል፣ ብቻዋን ሲሆን 25 ብቻ። ውሻ ሲመጣ ግን እነዚያው ጭላዳዎች ወደ ገደል ይሮጣሉ። ስለዚህ ጭላዳ በአራት እግር ለሚመጣ ሁሉ አይደነግጥም፤ ማን እንደመጣ ይለያል። ጩኸቱን አምኖ ለሚሮጥ ሌላ እንስሳ ትልቁ ጥቅም ይህ ይመስለኛል። በከንቱ የሚጮህ ጎረቤት ሳር ከመጋጥ እያስተጓጎለ ያስርባልና።

ሰሜን ተራሮች ላይ ጭላዳ፣ ዋልያና ሰስ አንድ ገደል ይጋራሉ። በግጦሹ ሜዳ በመቶዎች የሚቆጠር ጭላዳ ሲቀመጥ በመቶዎች የሚቆጠር ዓይን ነብርን ይጠብቃል ማለት ነው። ዋልያው ይህን ያዳምጣል? ለማወቅ የሚያስፈልገው መሣሪያ ውድ አይደለም፤ ድምፅ መቅጃ፣ ማጉያና ካሜራ ይበቃል። አንድ ጊዜ ጭላዳ ለነብር የሚጮኸውን፣ ሌላ ጊዜ ሲግጥ የሚያሰማውን ተራ ማጉረምረም ለዋልያ አሰምቶ ቀና የሚልበትን ጊዜ መለካት ነው። ይህ ከደባርቅ ወይም ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ አቅም በላይ አይደለም፤ ቋንቋውንም ተራራውንም ያውቃል። ሙከራውን በበጋ ጠራራና በክረምት ጉም ለየብቻ ቢያደርገው ደግሞ ይበልጥ ይጠቅማል፤ ጉሙ ገደሉን ሲሸፍን ዓይን ስለማይሠራ፣ ዋልያው ጆሮውን በጎረቤቱ ጩኸት ላይ ጥሎ እንደሆነ ያኔ በግልጽ ይታያል።