አሜሪካ ላላችሁ ወላጆች፦ ዕቅዱ የመላው ቤተሰብ ነው
ልጅዎ 3 ዓመት ሳይሞላው መናገር ወይም መራመድ ከዘገየበት፣ የሐኪም ወረቀት ሳይጠብቁ ለስቴትዎ "ኧርሊ ኢንተርቬንሽን" (የሕፃናት ዕድገት ድጋፍ) ፕሮግራም ራስዎ ይደውሉ። ግምገማው ነፃ ነው።

ድጋፉ የሚገባው ከሆነ፣ ከደወሉበት ቀን ጀምሮ በ45 ቀናት ውስጥ የቤተሰብ ዕቅድ ስብሰባ ይደረጋል። እዚያ የቤታችሁን ውሎ ይንገሯቸው፦ ማን ያበላዋል? ገላውን ሲታጠብ ምን ያስቸግራል? ሌሊት ማን ይነሳለታል? ግቡም ከዚሁ ይውጣ። "ይናገር" ከማለት "ውኃ ሲጠማው በምልክት ወይም በቃል ይጠይቅ" የሚለው ይሻላል፤ እናትም አያትም በየቀኑ ሊያለማምዱት ይችላሉ።

✔ የአማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ታላቅ እህቱን አስተርጓሚ አያድርጓት።
✔ ያልገባዎትን አይፈርሙ። አንዱን አገልግሎት ተቀብለው ሌላውን መተው መብትዎ ነው።
✔ ዕቅዱ በየ6 ወሩ ይከለሳል፤ ያልሠራውን ያስቀይሩ።

3 ዓመት ከመሙላቱ ቢያንስ 90 ቀናት በፊት ከፕሮግራሙ ወደ ቀጣዩ አገልግሎት የሚሸጋገርበት ዕቅድ መዘጋጀቱን ያረጋግጡ።