የላዳ ዲፈረንሻል በጥርሱ ይታወቃል

ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ አዲስ አበባን ለብዙ ዓመታት ያመላለሰችው ላዳ የትውልድ ቦታዋ በቮልጋ ዳር ያለችው የቶሊያቲ ከተማ ናት። ፊያት ከሶቭየት ኅብረት ጋር እ.ኤ.አ. በ1966 በተዋዋለው መሠረት ከፊያት 124 ተቀድታ የመጀመሪያዋ 2101 በ1970 ከፋብሪካው ወጣች፤ 2102፣ 2103 እና 2106 ተከታትለው መጡ። የሞተራቸው ጉልበት ቢለያይም የኋላ አክስላቸው አንዱ በሌላው ቦታ ያለ ብዙ ችግር ይገባል። ለጋራዥ ይህ ትልቅ በረከት ነው፣ ጣጣውም የሚጀምረው ከዚሁ ነው፦ አሮጌ ላዳ ሥር የተገጠመው ዲፈረንሻል ከፋብሪካ ይዛው የወጣችው ስለመሆኑ ማንም ዋስ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ካምቢዮ ለመለወጥ የተነሳ ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ከኋላ ያለውን መለየት አለበት እላለሁ። ጎማው ላይ የሚደርሰው ጉልበት የሁለቱ ብዜት ነውና፣ አንዱን ሳያውቁ ሌላውን መምረጥ ግምት ብቻ ነው።

ዲፈረንሻሉ ውስጥ ከሞተር የሚመጣውን ዙር የሚቀበል ትንሽ ፒኞን አለ፤ እሱ ደግሞ ትልቁን ኮሮና ያዞራል። በ2101 ፒኞኑ 10፣ ኮሮናው 43 ጥርስ ስላለው ጎማው አንዴ ሲዞር ከካምቢዮ የሚመጣው ዘንግ 4.3 ጊዜ ይዞራል። ከኋላዋ ሰፊ ዕቃ መጫኛ ያላት 2102 ለሸክሟ ሲባል 9 እና 40 ጥርስ፣ ማለትም 4.44 ተሰጣት። 1.5 ሊትር ሞተር ያላት 2103 በ10 እና 41 ወደ 4.1፣ 1.6 ሊትሯ 2106 ደግሞ በ11 እና 43 ወደ 3.9 ወረዱ። ሞተሩ ሲበረታ ዲፈረንሻሉ ፈጣን ሆነ ማለት ነው። አክስሉ ላይ የተጻፈ ምልክት ካለ መመልከቱ አይከፋም፤ ግን ጥርሶቹን የያዘው ክፍል ከአክስሉ ፊት ለፊት በብሎን የታሰረ፣ ለብቻው የሚወጣና የሚገባ ነው። የ2101 አክስል የ2106ን ጥርስ ተሸክሞ ቢገኝ የሚያስገርም አይደለም። ሻጩ የሚለውም ቢሆን ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይሆንም።

ደግነቱ ጥርሱ ራሱ ሳይፈታ ይቆጠራል። የፊት ጎማዎች ይታገዱና አንዱ የኋላ ጎማ በክሪክ ተነሥቶ መኪናዋ በጠንካራ ድጋፍ ላይ ታርፋለች፤ ማርሹ ዜሮ ይሆናል፣ የእጅ ፍሬኑም ይለቀቃል። ሌላኛው ጎማ መሬት እንደያዘ ስለማይንቀሳቀስ፣ የተነሣው ጎማ ሁለት ጊዜ ሲዞር ኮሮናው የሚዞረው አንዴ ብቻ ነው። ዘንጉ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጎ ጎማውን ሃያ ጊዜ ማዞር ነው፤ ዘንጉ 39 ጊዜ ከዞረ የ2106፣ 41 ከሆነ የ2103፣ 43 ከሆነ የ2101፣ ከ44 አልፎ ግማሽ ሊሞላ ከተቃረበ የ2102 ነው። ሃያ ማለቴ ለማብዛት አይደለም። ያረጀ ዲፈረንሻል ጥርሱ ስለሚላላ በሁለት ዙር ቆጠራ 3.9ን ከ4.1 መለየት ያሳስታል።

ካምቢዮውም እንዲሁ ይቆጠራል። የ2101 አንደኛ ማርሽ 3.75፣ የ2106 ግን 3.24 ነው፤ ሁለቱም ባለአራት ማርሽ ናቸው፣ ከውጭ ሲያዩዋቸው የሚለያቸው ነገር እምብዛም ነው። በ2101 ላይ 3.75 በ4.3 ሲባዛ 16.1 ይሆናል። ያችው መኪና የ2106ን ካምቢዮና ዲፈረንሻል አንድ ላይ ብታገኝ 12.7 ይደርሳታል፤ ለመነሻ የምታገኘው ጉልበት በአንድ አምስተኛ ቀነሰ ማለት ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ስስ አየር ለካርቡሬተር ሞተር ቀድሞውኑ አንድ አምስተኛ ያህል ነጥቆታል። ሰው ጭና ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ የምትወጣ ባለ1.2 ሊትር ሞተር ላዳ እነዚህን ሁለት ጉድለቶች የምትከፍለው በፍሪሲዮኗ ነው።

ፈጣኑ ዲፈረንሻል ነዳጅ ይቆጥባል የሚሉ አሉ። በረጅም ሜዳማ መንገድ ላይ ሐሳባቸው እውነትነት አለው፤ ሆኖም ለዚያ ጥቅም የተሻለው መንገድ ባለአምስት ማርሹ ካምቢዮ ነው። አንደኛው 3.67፣ አምስተኛው 0.82 ስለሆነ፣ 4.3ን ሳይነኩ ቢገጠም መነሻው 15.8 ላይ ይቆያል፣ ከጥንቱ ብዙም አልራቀም። አምስተኛው ደግሞ 3.53 ይሆናል፤ በባለአራቱ ካምቢዮ 3.9 የሚያስገኘውን ፍጥነት እንኳ ይበልጣል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ላይ ሞተሩ በደቂቃ ከ3,200 ገደማ ዙር ወደ 2,600 ይወርዳል። ዳገቱም ሜዳውም ሳይጎዳ ይህን ያህል ከተገኘ፣ ዲፈረንሻሉን መቀየር ለምን ያስፈልጋል?

«እኔ ለክቼ አይቻለሁ» የሚል መልስ ይመጣ ይሆናል። በምን ለካ? የፍጥነትና የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ዙሩን የሚወስደው ከካምቢዮው ጀርባ ስለሆነ ከኋላ የትኛው ዲፈረንሻል እንዳለ አያውቅም። ለ4.3 የተሠራ ቆጣሪ ያላት መኪና 3.9 ሲገባላት 100 ኪሎ ሜትር ሄዳ 91 ትመዘግባለች፤ 80 ስትሮጥም 73 ታሳያለች። በዚያ ቁጥር ነዳጅ ያሰላ ሰው የቆጠበውን ቤንዚን እንደባከነ ይቆጥረዋል፤ በተቃራኒው የገጠመ ደግሞ ያልቆጠበውን ቆጠብኩ ይላል። የቆጣሪውም ትንሽ ጥርስ ከዲፈረንሻሉ ጋር አብሮ መለወጥ ያለበት ለዚህ ነው።

የባለአምስት ማርሹ ዋጋ ይከብዳል የሚለው ተቃውሞ ግን ያሳምነኛል። ከከተማ የማትወጣ፣ ሰማንያን በሳምንት አንዴ እንኳ የማትነካ ታክሲ አምስተኛ ማርሿ የማይሠራበት ዕቃ ነው። ለእሷ ደህና የሆነ የ2101 ካምቢዮ ከ43 ጥርሱ ኮሮና ጋር ይበቃታል፤ የተረፈው ገንዘብ ለፍሪሲዮንና ካምቢዮውን ከዘንጉ ጋር ለሚያገናኘው ጎማ ይዋል።